መብራት ሲመጣ ሰርቨሩም ብቻውን እንዲነሳ

አዲስ የሰርቨር ሶፍትዌር ጭናችሁ፣ ከስልካችሁ ከፍታችሁ አይታችሁ፣ «ሠራ!» ካላችሁ በኋላ የሚቀር አንድ ሥራ አለ። ብዙ ሰው እሱን ሳይሠራ ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሶፍትዌሩ ማንም ሳይነካው ይነሳል ወይ? ካልተነሳ ገና አልተጫነም ብዬ ነው የማምነው።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የምትርቀው፤ ዩኒቨርሲቲም አላት፤ ባለሙያ አይጠፋባትም። ሰርቨሩ ግን መሐል ሜዳ ወይም ሞላሌ፣ አንድ ትምህርት ቤት ላይብረሪ ውስጥ ሊሆን ይችላል። የጫነው ሰው በማግስቱ መኪና ተሳፍሮ ተመልሷል። ክረምቱ ሲገባ መብረቁ አለ፣ መብራቱ ይሄዳል፣ ይመጣል። እዚያ ያለችው የላይብረሪ ሠራተኛ ጥቁር ስክሪን ከፍታ ትዕዛዝ እንድትጽፍ መጠበቅ የለብንም። የእሷ ሥራ አይደለም፤ የእኛ ነው።

ለምሳሌነት ኪዊክስን እወስዳለሁ። ኪዊክስ ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ የሚያገለግል ነፃ ሶፍትዌር ነው። አንድ ትልቅ ፋይል ሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል፣ ተማሪዎች በዋይፋይ ገብተው ያነባሉ። ሥዕሎቹን ጨምሮ ሙሉው የእንግሊዝኛ ፋይል 100 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ የአማርኛው ግን በጣም ትንሽ ነው። ኔትወርኩ ለሚቆራረጥበት ትምህርት ቤት ከዚህ የተሻለ ስጦታ አላውቅም። ማሽኑ ኡቡንቱ ሰርቨር የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት የተጫነበት ተራ ዴስክቶፕ ነው እንበል። የእናንተ ሶፍትዌር የክሊኒክ መዝገብም ይሁን የሱቅ ሒሳብ፣ መንገዱ ያው ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር። ትዕዛዞቹን የጻፍኳቸው እንደሚነበቡ በፊደላችን ነው። ኪቦርዱ ላይ ግን በላቲን ፊደል፣ በትንሽ ሆሄ ነው የሚጻፉት። «ሲስተምሲቲኤል» ስል ሲስተም የሚለው ቃል ላይ ሲ፣ ቲ እና ኤል ፊደላትን ያለ ክፍተት መቀጠል ነው።

መጀመሪያ ማሽኑ ራሱ ይብራ

ሰው ቶሎ ወደ ሶፍትዌሩ ይሮጣል። መጀመሪያ የሚታየው ግን ከዚያ በታች ያለው ነው። መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ ራሱ ካልበራ የሶፍትዌሩ ነገር አይነሳም።

ዴስክቶፑን ስታበሩ ዲሊት ወይም ኤፍ2 እየተጫናችሁ ወደ ባዮስ (የማሽኑ የራሱ መነሻ ማስተካከያ ገጽ) ግቡ። አንዳንድ ማሽን ላይ ኤፍ10 ነው። ስለ ኃይል አያያዝ በሚያወራው ገጽ ላይ «ሪስቶር ኦን ኤሲ ፓወር ሎስ»፣ «አፍተር ፓወር ሎስ» ወይም «ኤሲ ሪከቨሪ» የሚል መስመር ፈልጉ። ስሙ እንደ አምራቹ ይለያያል። ምርጫዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ናቸው፦ ጠፍቶ ይቆይ፣ ይብራ፣ ወይም መብራት ሲሄድ ወደነበረበት ሁኔታ ይመለስ።

ብዙዎች ሦስተኛውን ይመርጣሉ፤ ልክ ይመስላልና። እኔ ግን «ይብራ» የሚለውን ምረጡ እላለሁ። ምክንያቱ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ለጊዜው ኃይል የሚሰጠው ባለ ባትሪ ዕቃ፣ ነው። ዩፒኤስ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩ በሥርዓቱ እንዲዘጋ የሚያደርግ ፕሮግራም ካለ፣ ኃይሉ በሚቋረጥበት ሰዓት ማሽኑ ቀድሞ ጠፍቷል። ስለዚህ «ወደነበረበት» ማለት ጠፍቶ መቆየት ይሆናል። መብራት መጥቶ ሰፈሩ ሁሉ ሲበራ የእናንተ ሰርቨር ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል።

ዩፒኤስ ሌላም ጣጣ አለው። ሰርቨሩ ተዘግቶ ባትሪው ሳያልቅ መብራት ከተመለሰ፣ ሶኬቱ ላይ ኃይል ለአፍታም አልተቋረጠም። ማሽኑ «መብራት ሄዶ መጣ» የሚለውን ነገር አያየውም፣ ስለዚህ አይበራም። የዩፒኤስ ፕሮግራሞች ይህን ለማስተካከል፣ ሰርቨሩ ከተዘጋ በኋላ ዩፒኤሱም ኃይሉን እንዲቆርጥ ማዘዝ ይችላሉ። ሊኑክስ ላይ «ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስ» የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን ያደርጋል፤ ዩፒኤሱ ግን ለምሳሌ በዩኤስቢ ገመድ ከሰርቨሩ ጋር መገናኘት አለበት፣ ትዕዛዙንም የሚቀበል ዓይነት መሆን አለበት። ሸዋ ሮቢትን በመሰለ ቆላ የምትሠሩ ደግሞ የዩፒኤስ ባትሪ በሙቀት ቶሎ እንደሚያረጅ አስቡ። ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ የቆየውን ያህል እዚያ አይቆይም።

አሮጌ ዴስክቶፕ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ቀይሩ። አብዛኛውን ጊዜ ሲአር2032 የምትባለዋ ናት፣ ባለ 3 ቮልት። እሷ ከሞተች መብራት በሄደ ቁጥር የባዮስ ምርጫችሁ ሊጠፋ ይችላል። ሰዓቱም ወደ ኋላ ይሄዳል። ከዚያም የባሰው፣ አንዳንድ ማሽን «ለመቀጠል ኤፍ1 ተጫኑ» ብሎ ቆሞ ይጠብቃል። ኪቦርድ የሌለው ሰርቨር ላይ ይህ ማለት እስክትመጡ ድረስ ቆሞ መቅረት ነው። የባትሪዋ ዋጋ ከመንገድ ትራንስፖርታችሁ ያንሳል።

ሰርቨራችሁ ላፕቶፕ ከሆነ የራሱ ባትሪ እንደ ዩፒኤስ ያገለግላል፤ ይህ ጥሩ ነው። ችግሩ ባትሪው ሙሉ በሙሉ አልቆ ከጠፋ፣ መብራት ሲመጣ ራሱን የሚያበራ ላፕቶፕ ጥቂት መሆኑ ነው። ባዮሱ ውስጥ እንዲህ ያለ ምርጫ ካለው አብሩት። ከሌለው «ቁልፉን አንዴ ተጫኚው» የሚል መመሪያ ለሠራተኛዋ መተው ግድ ነው። ክዳኑ ሲዘጋም እንዳይተኛ ማስተካከል አትርሱ።

ዲስኩን በምስጢር ቃል የቆለፋችሁም ልብ በሉ። ማሽኑ ሲነሳ ቃሉን እስኪያስገቡለት ይጠብቃል። የታካሚ መረጃ ያለበት ሰርቨር ከሆነ መቆለፉ ይገባዋል፤ ግን ቃሉን የሚያስገባ ሰው በቦታው መኖር አለበት። ለኢንሳይክሎፒዲያ ግን መቆለፍ አያስፈልግም።

ማስነሳት ሌላ፣ እንዲነሳ ማድረግ ሌላ

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ እንምጣ። ኡቡንቱ ከ2015 ጀምሮ አገልግሎቶችን (ከጀርባ ሆነው የሚሠሩ ፕሮግራሞችን) የሚያስነሳውና የሚቆጣጠረው ሲስተምዲ በሚባል ፕሮግራም ነው። ሌሎቹ የሊኑክስ ዓይነቶች፣ ዴቢያን፣ አልማ እና ሮኪም፣ እንዲሁ። ሲስተምዲን የምናዝዘው በሲስተምሲቲኤል ነው።

እዚህ ጋ ሁለት ትዕዛዞች አሉ፣ ሰውም የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው። «ስታርት» አገልግሎቱን አሁን ያስነሳል። ስለ ነገ ግን ምንም አያውቅም። «ኢኔብል» ደግሞ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አገልግሎቱም እንዲነሳ ይመዘግባል። አሁን ግን ምንም አያስነሳም። ስታርት ብቻ ያደረገ ሰው ሁሉ ነገር ሲሠራ ያያል፣ ደስ ብሎት ይሄዳል፣ መብራት ሲሄድ ጉዱ ይወጣል። ማሪያዲቢ የሚባለውን የመረጃ ቋት ለምሳሌ ብንወስድ፣ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ለማድረግ እንዲህ ይጻፋል («ሱዶ» በአስተዳዳሪ ሥልጣን ማለት ነው)፦

ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ኢኔብል --ናው ማሪያዲቢ

መመዝገቡን ለማረጋገጥ፦

ሲስተምሲቲኤል ኢዝ-ኢኔብልድ ማሪያዲቢ

መልሱ «ኢኔብልድ» ከሆነ ተመዝግቧል። «ዲስኤብልድ» ከሆነ አልተመዘገበም። «ማስክድ» ካለ አንድ ሰው ወይም አንድ ጥቅል ጨርሶ እንዳይነሳ ዘግቶታል፤ «አንማስክ» በሚለው ትዕዛዝ መክፈት ያስፈልጋል፣ ከዚያ በፊት ግን ለምን እንደተዘጋ ጠይቁ።

ኡቡንቱ እና ዴቢያን ላይ አፕት በሚባለው የመጫኛ ትዕዛዝ የጫናችሁት አገልግሎት አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይነሳል፣ ይመዘገባልም። አልማ እና ሮኪ ላይ ግን አብዛኛው አገልግሎት ከተጫነ በኋላ እናንተ እስክታዙት ዝም ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ ኡቡንቱ የለመደ ሰው ወደ አልማ ሲሻገር ይህን ደረጃ ይዘለዋል። ስሙም ሊለያይ ይችላል። ድረ ገጽ የሚያቀርበው የአፓቼ አገልግሎት ኡቡንቱ ላይ «አፓቼ2» ሲባል አልማ ላይ «ኤችቲቲፒዲ» ነው።

የራሱ የአገልግሎት ፋይል ለሌለው ሶፍትዌር

ኪዊክስን ከድረ ገጹ በተጨመቀ ፋይል አውርዳችሁ ከፈታችሁት፣ ፕሮግራሙ አለ፤ ለሲስተምዲ የሚነግረው ፋይል ግን የለም። ብዙ ሰው ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት ጥቁር ስክሪን) ላይ ያስነሳውና ተርሚናሉን ክፍት ትቶት ይሄዳል። ይህ አያዛልቅም። ፋይሉን እንጻፍ፤ አጭር ነው።

መጀመሪያ ለአገልግሎቱ ብቻ የሚሆን ተጠቃሚ ፍጠሩ። በዋናው አስተዳዳሪ ስም ማስኬድ አያስፈልግም፤ አደጋም አለው።

ሱዶ ዩዘርአድ --ሲስተም ኪዊክስ

ፕሮግራሙን /ኦፕት/ኪዊክስ ውስጥ፣ የመጽሐፉን ፋይል፣ ማለትም ዊኪፒዲያውን የያዘውን ትልቅ ፋይል፣ ደግሞ /ኤስአርቪ/ዚም ውስጥ አስቀምጡ። ከዚያ /ኢቲሲ/ሲስተምዲ/ሲስተም በሚለው ማህደር ውስጥ «ኪዊክስ.ሰርቪስ» የሚባል ፋይል ክፈቱና ይህን ጻፉ፦

[ዩኒት]
ዲስክሪፕሽን=ላይብረሪ ኪዊክስ
ዋንትስ=ኔትወርክ-ኦንላይን.ታርጌት
አፍተር=ኔትወርክ-ኦንላይን.ታርጌት

[ሰርቪስ]
ዩዘር=ኪዊክስ
ኤግዜክስታርት=/ኦፕት/ኪዊክስ/ኪዊክስ-ሰርቭ --ፖርት=8080 /ኤስአርቪ/ዚም/ዊኪ.ዚም
ሪስታርት=ኦን-ፌይለር
ሪስታርትሴክ=10

[ኢንስቶል]
ዋንትድባይ=መልቲ-ዩዘር.ታርጌት

ከእኩል ምልክቱ በስተግራ ያሉት ቃላትና በቅንፍ ያሉት ርዕሶች በትልቅ ሆሄ ይጀምራሉ። ሁለት ቃል ሲገጣጠም የሁለተኛውም የመጀመሪያ ሆሄ ትልቅ ነው። ይህን ካሳሳታችሁ ሲስተምዲ መስመሩን አያውቀውም፣ ማስጠንቀቂያ መዝግቦ ያልፈዋል።

አንዳንዱ መስመር ማብራሪያ ይፈልጋል። «አፍተር» ቅደም ተከተል ብቻ ነው፤ ኔትወርኩ እንዲጠበቅ የሚጠይቀው «ዋንትስ» ነው። ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። «ኤግዜክስታርት» ላይ ሙሉ መንገድ ጻፉ፣ ከመጀመሪያው ዘንባላ መስመር (/) ጀምሮ። እናንተ ተርሚናል ላይ ስትሆኑ የሚታወቀው ማህደር ለሲስተምዲ አይታወቀውም። ፖርቱን (አገልግሎቱ የሚገኝበትን የበር ቁጥር) 8080 ያደረግሁት ከ1024 በታች ያሉት ፖርቶች ለተራ ተጠቃሚ ስለማይፈቀዱ ነው።

አሁን «ሪስታርትሴክ» ላይ ቆም እንበል። ይህን መስመር ብዙ መመሪያ ይዘለዋል፤ መብራት ለሚቆራረጥበት አገር ግን ዋናው እሱ ይመስለኛል። «ሪስታርት» አገልግሎቱ ሲወድቅ እንደገና እንዲነሳ ያዛል። ሌላ ነገር ካልተባለ ግን ሲስተምዲ በወደቀ በ100 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ነው መልሶ የሚሞክረው። በ10 ሰከንድ ውስጥ 5 ጊዜ ተነስቶ ከወደቀ ደግሞ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። መብራት ሲመጣ ራውተሩም ሰርቨሩም እኩል ነው የሚነሱት። ራውተሩ ገና እየተነሳ ሳለ፣ አድራሻ የሚፈልግ አገልግሎት ቶሎ ቶሎ ወድቆ ዕድሎቹን ሁሉ ከአንድ ሰከንድ ብዙም ባልበለጠ ጊዜ ይጨርሳል። ከዚያ ራውተሩ ሲነሳ የሚያነሳው የለም። በየ10 ሰከንዱ እንዲሞክር ካደረጋችሁት ግን ያ ገደብ አይደርስም፤ ነገሩ እስኪስተካከል ድረስ በትዕግሥት ይሞክራል።

የመጨረሻው መስመር፣ «ዋንትድባይ»፣ ከሌለ «ኢኔብል» የሚመዘግብበት ቦታ አያገኝም። ፋይሉን ካስቀመጣችሁ በኋላ እነዚህን ሁለት ትዕዛዞች ስጡ፦

ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ዲመን-ሪሎድ
ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ኢኔብል --ናው ኪዊክስ

«ዲመን» የሚጻፈው በዲ፣ ኤ፣ ኢ፣ ኤም፣ ኦ፣ ኤን ነው። ፋይሉን በነካካችሁ ቁጥር ይህን ትዕዛዝ መስጠት አለባችሁ፤ ያለበለዚያ ሲስተምዲ የሚያውቀው አሮጌውን ነው።

ሶፍትዌራችሁ የመረጃ ቋት የሚፈልግ ከሆነ፣ የክሊኒክ መዝገብ በማሪያዲቢ ላይ ለምሳሌ፣ በ«አፍተር» መስመር ላይ «ማሪያዲቢ.ሰርቪስ» ጨምሩ፣ በ«ዋንትስ»ም እንዲሁ።

ፋይሉ በውጭ ዲስክ ላይ ከሆነ

ብትችሉ አታድርጉት። የዩኤስቢ ዲስክ ይነቀላል፣ ይዘገያል፣ ለጽዳት ተብሎ ይነሳል። ግድ ከሆነ ግን /ኢቲሲ/ኤፍኤስታብ ውስጥ ዲስኩን በመለያ ቁጥሩ አስመዝግቡ። ቁጥሩን «ብሎክአይዲ» የሚለው ትዕዛዝ ያሳያችኋል፤ የሚጻፈው በቢ፣ ኤል፣ ኬ፣ አይ፣ ዲ ነው። አማራጮቹ ውስጥ «ኖፌይል» መኖሩን አረጋግጡ። ይህ ቃል ከሌለና ዲስኩ ካልተሰካ፣ ሲስተምዲ 90 ሰከንድ ጠብቆ ሙሉውን ማሽን ወደ አደጋ ጊዜ ሁኔታ ያስገባዋል። በርቀትም መግባት አትችሉም። በአንድ ዲስክ ምክንያት ሰርቨሩ ሁሉ ይቀራል።

የአገልግሎት ፋይሉ ላይ ደግሞ ዩኒት በሚለው ክፍል ሥር «ሪኳየርስማውንትስፎር=/ኤስአርቪ/ዚም» ጨምሩ። ያኔ ኪዊክስ ዲስኩን ይጠብቃል። ዲስኩ ጨርሶ ካልመጣ ግን አገልግሎቱ ሳይነሳ ይቀራል፤ «ሪስታርት» የሚለው መስመርም እዚህ አያድነውም፣ ምክንያቱም አገልግሎቱ ከነጭራሹ አልተነሳምና።

አድራሻው እንዳይቀየር

ስልክ ይደወላል። «የኔ ልጅ፣ መብራት መጥቷል፣ ኮምፒውተሩም በርቷል፣ ያ ኢንሳይክሎፒዲያ ግን እምቢ ብሏል።» «እትዬ፣ ራውተሩ ላይ ያለው መብራት ስንት ነው የበራው?» እየተባለ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። በመጨረሻ ሲታይ ሰርቨሩ ጤነኛ ነው። ራውተሩ ተነስቶ ሌላ አድራሻ ሰጥቶታል፤ ተማሪዎቹ ግን አሮጌውን አድራሻ ነው የሚያውቁት።

ወደ ራውተሩ ገጽ ገብታችሁ ለሰርቨሩ አንድ ቋሚ አድራሻ ያዙለት። «አድረስ ሪዘርቬሽን» ይባላል። ራውተሩ ይህ ምርጫ ከሌለው አድራሻውን ሰርቨሩ ላይ ራሱ ቋሚ አድርጉት፣ ራውተሩ ለሌሎች ከሚያድለው ክልል ውጭ ያለ ቁጥር መርጣችሁ። ሰርቨሩንም በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል አገናኙት።

ፈተናው

ይህን ሳታደርጉ ከዚያ ቤት አትውጡ። መጀመሪያ «ሱዶ ሪቡት» በሉ። ከዚያ እጃችሁን ሰብስቡ። ኪቦርዱን አትንኩ፣ በስማችሁም አትግቡ። ይህ ለምን አስፈለገ? ሰው ሲገባ ብቻ የሚነሳ ነገር አለ፤ ገብታችሁ ከፈተናችሁት የሚሠራ ይመስላችኋል። በስልካችሁ ዋይፋይ ላይ ሆናችሁ አድራሻውን ክፈቱ። ከመጣ የመጀመሪያውን አለፋችሁ።

ሁለተኛው ፈተና የመብራቱ ነው። በሥራ ላይ ያለ ሰርቨር ሶኬቱን መንቀል መረጃ ሊያበላሽ ይችላል፣ በተለይ የመረጃ ቋት ካለበት። የተሻለው ዘዴ ይህ ነው። «ሱዶ ፓወርኦፍ» ብላችሁ በሥርዓቱ ዝጉት። ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ገመዱን ንቀሉ። ትንሽ ቆይታችሁ መልሳችሁ ሰኩት። ቁልፉን አትንኩ። ባዮሱ ላይ «ይብራ» ብላችሁ ከሆነ ራሱ ይበራል። ይህ ፈተና የዩፒኤሱን ሁኔታም ይመስላል፤ ቀድሞ የጠፋ ማሽን መብራት ሲያገኝ ይነሳል ወይ የሚለውን ነው የሚያሳየው።

ሦስተኛው ራውተሩንና ሰርቨሩን አብሮ ማጥፋትና አብሮ ማብራት ነው። ብዙ ሰው ይህን አያደርገውም። እውነተኛው የመብራት መቋረጥ ግን ሁለቱንም ነው የሚያጠፋው።

እምቢ ሲል የት ይታያል

«ሲስተምሲቲኤል ስታተስ ኪዊክስ» በሉ። ከዚያም ዝርዝሩን፦

ሱዶ ጆርናልሲቲኤል -ዩ ኪዊክስ -ቢ

«-ቢ» ማለት ማሽኑ ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ ያለውን ብቻ አሳየኝ ማለት ነው። መልእክቱ ውስጥ ቁጥር ታገኛላችሁ። 203 ካለ ፕሮግራሙን ማስነሳት አልቻለም፤ መንገዱ ተሳስቷል ወይም ፋይሉ የመሮጥ ፈቃድ የለውም። 217 ከሆነ የጻፋችሁት ተጠቃሚ የለም። 200 ከሆነ የሥራ ማህደሩ የለም። አልማ ወይም ሮኪ ላይ መንገዱም ፈቃዱም ልክ ሆኖ 203 ካያችሁ፣ ፕሮግራሙ በሰው የግል ማህደር ውስጥ ስላለ ኤስኢሊኑክስ የሚባለው የሊኑክስ የደህንነት ጥበቃ ከልክሎት ሊሆን ይችላል። ወደ /ኦፕት አዛውሩትና «ሬስቶርኮን» በሚለው ትዕዛዝ መለያውን አስተካክሉ። ኤስኢሊኑክስን ማጥፋት መፍትሔ ነው የሚሏችሁን አትስሙ።

ተርሚናል ላይ በእጅ ሲነሳ የሚሠራ፣ በአገልግሎት ግን የሚወድቅ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ የፈቃድ ነገር ነው። በእጅ ያስነሳችሁት በእናንተ ስም ነው፣ አገልግሎቱ ግን በኪዊክስ ስም ነው የሚሮጠው። ኪዊክስ የሚባለው ተጠቃሚ የመጽሐፉን ፋይል ማንበብ ይችላል ወይ? እሱን እዩ።

ዊንዶውስና ዶከር ላላችሁ

ዊንዶውስ ላይ «ስታርትአፕ» ማህደር ውስጥ አቋራጭ ማስቀመጥ ለሰርቨር አይሆንም፤ ሰው እስኪገባ ይጠብቃል። «ሰርቪስስ» የሚለውን መስኮት ከፍታችሁ አገልግሎቱን «አውቶማቲክ» አድርጉት። «ሪከቨሪ» በሚለው ገጽ ላይ ደግሞ ሲወድቅ እንደገና እንዲነሳ በሦስቱም ቦታ ምረጡ። አገልግሎት ሆኖ ያልተሠራ ፕሮግራም ከሆነ በ«ታስክ ስኬጁለር» ላይ ኮምፒውተሩ ሲነሳ፣ ሰው ገባም አልገባም እንዲሮጥ አድርጉት።

ዶከር ላይ ኮንቴይነሩን ስታስነሱ የሪስታርት መመሪያውን «አንለስ-ስቶፕድ» አድርጉ። እናንተ ሆን ብላችሁ ካላቆማችሁት በቀር ይነሳል። ዶከር ራሱ ኢኔብል መሆኑንም እዩ።

ፋይሉን ስታድሱ

የኪዊክስ የመጽሐፍ ፋይሎች ስማቸው ላይ ዓመትና ወር አለ። አዲሱን አምጥታችሁ አሮጌውን ስትሰርዙ፣ የሚሮጠው አገልግሎት አሮጌውን ከፍቶ ስለያዘ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። ችግሩ የሚወጣው በሚቀጥለው የመብራት መቋረጥ ነው፤ ያኔ የሚፈልገው ስም የለም። ለዚህ ነው ከላይ «ዊኪ.ዚም» የሚል ቋሚ ስም የተጠቀምኩት። እሱን እውነተኛ ፋይል ሳይሆን ወደ አዲሱ ፋይል የሚያመለክት ማገናኛ አድርጉት፦

ሱዶ ኤልኤን -ኤስኤፍኤን /ኤስአርቪ/ዚም/አዲሱ-ፋይል.ዚም /ኤስአርቪ/ዚም/ዊኪ.ዚም

«አዲሱ-ፋይል» ያልኩት ቦታ ላይ የወረደውን ፋይል ትክክለኛ ስም ተኩ። ከዚያ «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት ኪዊክስ» በሉ፣ በስልካችሁ አዲሱ መምጣቱን እዩ፣ አሮጌውን ከዚያ በኋላ ሰርዙ።